የአሰለች ቤት እህል

ብሉምፎንቴን፣ ደቡብ አፍሪካ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለቄስ ደርበው አረጋ፤

ከሁሉ አስቀድሜ መስቀልዎን ከሩቅ እሳለማለሁ። ኪዳነ ምሕረት እርስዎንም እማማ ፈትለወርቅንም፣ ከብቱንም ማሳውንም በሰላም ታቆይልኝ። እኔ ክብሩ ይስፋና ደህና ነኝ። በስልክ እንዳልነግርዎ «ስልክ ጆሮው ብዙ ነው» ብለው ከልክለውኛል፤ ኔትወርኩም ቢሆን ሲሻው ይመጣል ሲሻው ይጠፋል። ስለዚህ ይህን ወረቀት ወደ አገር ቤት ለምትገባ እኅታችን ሰጥቻታለሁ። ከወልድያ ሙሐዲን በሚኒባሱ ያደርስልዎታል።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርዎ። አባቴ ከፋለ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ሊያገባኝ የሚፈልግ ሰው አለ፤ እኔም እፈልገዋለሁ። ስሙ ዘመን ነው። የታች መንደሯ የአሰለች ልጅ ነው። አዎ፣ የሸክላ ሠሪዋ አሰለች።

ወረቀቱን አስቀምጠውት እንደሆነ እባክዎ መልሰው ያንሡት። ዘመን እዚህ የብረት በርና መስኮት እየበየደ ይኖራል፤ ሥራ አይንቅም፣ መጠጥ አይወድም፣ ቅዳሴ አያስታጉልም። አንድ ደብር እየተሳለምን አድገን አንድ ቀን እንኳ ሰላምታ ሳንለዋወጥ፣ በሰው አገር ነው የተዋወቅነው። እናቱ ከጥምቀት በፊት ሽማግሌ ትልክብዎታለች። የምለምንዎ ሽማግሌዎቹን እንዲቀበሉልኝ ነው። ያለ እርስዎ ምርቃት ቁርባን መቁረብ አልፈልግም።

ሌላው ወሬ፣ ቅዳሴ የምናደርግበት አዳራሽ የነጮች ቤተ ክርስቲያን ነው። እነዚህ ሰዎች ድሮ ጥቁር በበራቸው አያስገቡም ነበር። አሁን ከከተማው ዳር ካለው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ጉባኤ ለመሆን ይመክራሉ። ባለፈው ወር ሁለቱም ተሰብስበው፣ ነጮቹ ይቅርታ ጠይቀው፣ ተቃቅፈው ሲላቀሱ አየሁ። እኔም አለቀስኩ። የእኛም ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ባደረገች አልኩ። ለምን እንዳልኩ ያውቁታል።

የእማማን ጉልበት ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ፅናት ከፋለ


ላስታ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፅናት ከፋለ፤

የአባቶችሽ አምላክ ከክፉ ዓይን፣ ከባዕድ ምክር፣ ከመንገድ አደጋ ይሰውርሽ፤ አሜን በይ። እኛ አለን። ገብሱ ዘንድሮ ደህና ይዟል፤ ውርጭ ካልቀደመን ይታጨዳል። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚያልፈው እንግዳም ቀንሷል።

መጀመሪያ ይህን መልሺልኝ። ፖስታውን ያሸግሽው አንቺ ነሽ? ጥጉ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፎ ነው የደረሰኝ። ሙሐዲን «ወላሂ አልነካሁም» ብሎ ማለልኝ። ማል ብዬው ነበር? ሰው ሳይጠየቅ ሲምል አልወድም።

ሁለተኛ፣ ስለዚያ ልቅሶ። እኔ በክህነቴ ብዙ ልቅሶ አይቻለሁ፤ ያለቀሰ ሁሉ ንስሐ ገብቷል ማለት አይደለም። ተላቅሰው ሲያበቁ ማዕድ ቀረበ? ቀርቦ ከሆነ ሣህኑን ማን አጠበ? እስቲ ይህን አይተሽ ጻፊልኝ። ደግሞስ እነዚህ ነጮች አዳራሻቸውን ለእናንተ የሰጡት ለምን ነው? ዛሬ «ግቡ»፣ ነገ «አንድ እንሁን»፣ ከነገ ወዲያ ታቦታችሁን አስጥለው ጊታር እንዳያስይዟችሁ። ሰው በነጻ ደግ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ «የእኛም ቤተ ክርስቲያን» ያልሽው ምን ለማለት ነው? እኛ ዘንድ ምን ቀለም አለ? ሁላችን አንድ መልክ፣ አንድ ታቦት። ይህ ወሎ ነው ልጄ! ቅሬያችን እስላም ክርስቲያኑን ሳይለይ ይቀብራል፤ የአባትሽን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ ሙሐዲን ነበር። አሰለችንም ማን ከለከላት? ትሳለማለች፣ ትቆርባለች። የንስሐ አባቷ ራሴ አይደለሁ እንዴ?

ስለቀረው ጉዳይ ጊዜው ሲደርስ እንነጋገራለን። ብቻ አንድ ነገር፤ ከዚያ ልጅ ጋር አብረሽ እህል በልተሻል? ሲያይሽ ነው የበላሽው? ፈትለወርቅ ጠይቃት ስላለችኝ ነው እንጂ እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ከኪዳነ ምሕረት እምነት ጠቅልዬ በፖስታው ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ጠዋት ጠዋት ተቀቢው።

አባትሽ ቄስ ደርበው


ብሉምፎንቴን፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለቄስ ደርበው አረጋ፤

እግዚአብሔር በጸሎትዎ ይጠብቀን። ልደትን በሰላም አድርሶ ደስታ ያሰማን።

የላኩልኝን እምነት የአየር ማረፊያ ሰዎች ይዘውት ቆይተዋል። በፖስታ ውስጥ አመድ የሚመስል ዱቄት አግኝተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። «ከክፉ ዓይን የሚጠብቅ ነው» ብል ይባስ ተጠራጠሩ። ብቻ በመጨረሻ ሰጡኝ፤ ተቀብቼዋለሁ።

ሣህኑን ማን አጠበ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ጥያቄውን ሳነበው ስቄ ነበር፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ወደ ጓዳ ገብቼ አየሁ። ያጠቡት ጥቁሮቹ ሴቶች ናቸው። ነጮቹ እንባቸውን ጠርገው መኪናቸውን አስነሥተው ሄደዋል። አላዋሽዎትም፣ እርስዎ ከላስታ ሆነው ያዩትን እኔ አጠገቡ ቆሜ አላየሁትም።

አሁን ደግሞ እኔ ልንገርዎ። የማስታምማቸው አሮጊት ማሪ ይባላሉ፤ በዚያ ስብሰባ ከሁሉ አብልጠው ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። ሥራ የጀመርኩ ዕለት ውኃ ጠማኝና ጠየቅኳቸው። ፈገግ ብለው፣ «የኔ ልጅ» ብለው፣ ብርጭቆ የተደረደረበትን ቁም ሣጥን አልፈው፣ ጎንበስ ብለው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር አፉ የተላጠ ጣሳ አወጡልኝ። ቤት የምታጸዳው ኖምሳ ኋላ ሹክ አለችኝ፤ «እሱ የእኛ ነው» አለችኝ። ለጥቁር ሠራተኛ የሚቀመጥ ጣሳ ነው። ሕጉ ከተሻረ ስንት ዘመኑ፤ ጣሳው ግን ከቦታው አልተነሣም።

አባቴ፣ ያን ጣሳ አውቀዋለሁ። እማማ ከማጀቱ ጀርባ፣ ከጨው ቅሉ አጠገብ የምታስቀምጠው ጣሳ ነው። አሰለች እንስራ ልታደርስ ስትመጣ ውኃ የሚሰጣት በእሱ ነው። ከሄደች በኋላ በአመድ ታሽቶ ለብቻው ይደፋል። ቡዳ የሚለውን ቃል ቤታችን ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም ነበር፤ ድምፅ ይቀንሳል እንጂ። ሙሐዲን ሲመጣ ውኃ የሚጠጣው በምንድን ነው? በእኛው ዋንጫ። አሰለችስ?

ያንን የእርስዎን ጥያቄ ለስብሰባው ሰባኪ ብነግራቸው ተነሥተው ለሁሉም ደገሙት። ከዚያ በኋላ ልቅሶው ቀረና በየወሩ በአንዱ ቤት በተራ እንድንበላ ተስማማን፤ ያበሰለው ያጥባል። እኔም ተነሥቼ «እኛ አገር ይህ አለ፤ ማኅበር እንለዋለን፣ ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል» አልኩ። ሁሉም ተራ ይደርሰዋል? ብለው ጠየቁኝ፤ አዎ አልኩ። ዘመን አጠገቤ ነበር። ወጥተን ስንሄድ ብቻ፣ ሳያየኝ፣ «እናቴ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ የሆነችው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ተራዋ መቼ ነው?» አለኝ።

እርስዎም የንስሐ አባቷ ነዎት። ቤቷን ጸበል ሊረጩ ሲገቡ የምታቀርብልዎትን ቀምሰው ያውቃሉ? ዘመን ሁልጊዜ «ጾም ነኝ» ይሉ ነበር ይለኛል፤ በሃምሳውም ጾም ነኝ፣ በፍስኩም ጾም ነኝ።

ሽማግሌዎቹን ይቀበሉልኝ ብዬ ነበር። አሁን ልመናዬ ጨምሯል። ጽዋው አሰለች ቤት ይግባ።

ልጅዎ ፅናት


ላስታ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፅናት፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ የኪዳነ ምሕረት ጥላ አይለይሽ። ጥምቀት በሰላም አለፈ። ፈትለወርቅ ወገቧን ያማታል፤ የአንቺ ወረቀት ከመጣ ወዲህ ብሶባታል። እኔ እንዲህ አላልኩም፣ እሷ ናት ያለችው።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ተቀበልኳቸው፤ እንዴት አልቀበልም? ግቢ ውስጥ በጥላው ሥር አስቀመጥኳቸው። ቤት ያላስገባኋቸው ቤቱ ስለሚጨልም ነው። የተላኩበትን ተናገሩ። እኔም ጋብቻ ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው፣ ጊዜ ስጡኝ አልኳቸው። አንዱ ሽማግሌ ፈገግ አለ። ለምን ፈገግ እንዳለ እስካሁን ይከነክነኛል።

ጽዋውን ደግሞ ለማኅበሩ አነሣሁት፤ ሳላነሣው ቀረ እንዳትዪኝ። ስምሽን አልጠራሁም፤ ጠርጥረዋል ግን። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው አዳም፣ «እኔ ምንም ቅሬታ የለኝም፤ ሰው ምን ይላል ነው እንጂ» አለ። ቀጥሎ ያለውም «እኔስ ምን ቸገረኝ፤ ሰው ነው እንጂ» አለ። ሁሉም በየተራው እንዲሁ አለ። ይህ «ሰው» የሚሉት ማን እንደሆነ ዓይኔን ባዞር ባዞር ማኅበርተኛው ሁሉ እዚያው ተቀምጧል፤ ሌላ ሰው የለም። አዳም ግን ለብቻዬ ወስዶኝ፣ ይህ ነገር ከውጭ የመጣ የፈረንጅ ስብከት ይመስላል፣ ልጅቱ ሃይማኖቷ ደህና ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ነው አልኩት። ደህና ነው አይደል?

ስለዚህ ሁሉንም የሚያስታርቅ መላ አመጣሁ። ተራው በአሰለች ስም ይሁን፤ እህሉን እሷ ታውጣ፤ ድግሱ ግን እኔ ቤት ይዘጋጅ፣ ፈትለወርቅ ታብስለው። አሰለች ስሟ ይጠራል፣ ማኅበሩም አይበተንም። ሰው ልኬ አስነገርኳት። «ቄሱ ራሳቸው መጥተው ይንገሩኝ» ብላ መለሰች። አየሽ ኩራት! እንዲህ ያለ መልስ ዱሮ ከእሷ አፍ ወጥቶ አያውቅም፤ ከልጇ የመጣ ነው። ይህን ሁሉ ነገር የጠነሰሱት እናትና ልጅ ሆነው ይሆን? አንቺን ያገኙት በአጋጣሚ ነው ብለሽ ታምኛለሽ?

ጾም ነኝ የምለው ጾም ስለሆንኩ ነው። ካህን ሁልጊዜ አንድ ጾም አያጣም።

አባትሽ ቄስ ደርበው


ብሉምፎንቴን፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቄስ ደርበው አረጋ፤

መላ ያሉት ያው ጣሳው ነው። አጥበው ከፍ ወዳለው መደርደሪያ አወጡት እንጂ ጣሳው ያው ነው።

ማሪም መላ አላቸው። የማብላት ተራቸው ሲደርስ ይታመማሉ። በጥር ደርሷቸው ታመሙ፤ ወደ የካቲት ቢተላለፍላቸውም ታመሙ፤ በማግሥቱ ተሽሏቸው አበባ ሲያጠጡ አየኋቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ይወዱኛል። እርስዎም ይወዱኛል።

አሰለች አሤራለች ብለዋል። ማን ነው ያሤረው? ዘመን ከእኔ ጋር መታየት ይፈራ ነበር፤ «አባትሽ ሲሰሙ እናቴን ከቤተ ክርስቲያን ያስወጧታል» እያለ ዓመት ሙሉ የሸሸኝ እሱ ነው። የተከተልኩት እኔ ነኝ። ይህን ቀድሜ ያልነገርኩዎ አፍሬ ነው።

እስከ ዳግም ትንሣኤ እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረማለን፤ ቁርባኑ ይቀርብናል፣ እሱም ያቃጥለኛል። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ልጅ እንወልዳለን። አሳድገውኝ የለ፣ ይዤልዎት እመጣለሁ። ያ ልጅ ውኃ ጠማኝ ሲልዎ በየትኛው ይሰጡታል? በእኔ ዋንጫ ነው በአያቱ ጣሳ?

ይህን ሳይመልሱልኝ ሌላ እንዳይጽፉልኝ።

ፅናት


ላስታ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፅናት፤

አምላከ ቅዱሳን ቁጣሽን ያብርደው፤ የኔንም ያብርደው። ወረቀትሽ የደረሰኝ በሁዳዴ እኩሌታ ነው። ሰላምታ የሌለው ወረቀት ከአንቺ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ተናድጄ ለፈትለወርቅ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ እንድትናደድልኝ ነበር። አልተናደደችም። መጨረሻው ላይ ስደርስ ምስር ለቀማዋን አቁማ፣ «ጣሳውን እኔ አላመጣሁትም፤ ሙሽራ ሆኜ ስገባ እናትህ ናቸው ያሳዩኝ» አለች።

እኔም ዘንጌንና ጭራዬን ይዤ ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ አልነገርኳትም፤ እግሬ ግን ወደ ታች መንደር ወረደ። ልቤ የተነሣው ለእርቅ እንዳይመስልሽ፤ ለሙግት ነው። ልጄን አስኮረፈችብኝ፣ ሄጄ ልንገራት ብዬ ነው።

አሰለች ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የጀበና አንገት ታለሰልሳለች። ብድግ ብላ መስቀል ተሳለመች። እጇ ጭቃ ስለነበረ በግንባሯ ብቻ ነው የነካችው። መቀመጫ ዱካ አውጥታ አስቀመጠችኝና፣ ምንም ሳትጠይቀኝ እጇን ታጥባ ገባች። ጊዜው ስድስት ሰዓት ነበር፤ ሕዝቡ ጾሙን የሚፈታበት። የገብስ እንጀራ በምስር ወጥ ይዛ ወጥታ ፊቴ አስቀመጠችው።

ሁዳዴ መሆኑን ረሳህ ወይ ትዪኝ ይሆናል። ሁዳዴን ማን ካህን ይረሳል? የረሳሁት ሰው ቤት ሲገባ እህል እንደሚቀርብ ነው። እኔ ደግሞ የመቀደስ ተራዬ ባይሆን እንኳ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አልቀምስም፤ ከተቀባሁ ጀምሮ ይህን አፍርሼ አላውቅም። አፌን ከፍቼ «ጾም ነኝ» አልኩ።

ሳቀች። አሰለች ስትስቅ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እውነቴን እኮ ነበር! በዕድሜዬ ሙሉ እዚያ ቤት እውነቱን የተናገርኩት ያን ዕለት ነው፤ ያን ዕለት አላመነችኝም። ብምልላትስ? እኔ ራሴ ሳይጠየቅ የሚምል ሰው አላምንም። ሰሐኑን በአክንባሎ ከድና ልታነሣው ስትል እጄን ዘረጋሁና፣ «ተይው፤ ቅዳሴ እስኪወጣ እዚሁ እጠብቃለሁ» አልኳት። አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ወደ ጀበናዋ ተመለሰች።

ልጄ፣ መጠበቅ እንዲህ ረዥም መሆኑን አላውቅም ነበር። የታች መንደር መንገድ ገበያ የሚወጣና የሚወርደው ሁሉ የሚያልፍበት ነው። አንዱ እጅ ነሥቶኝ ያልፋል፣ ሌላው እጅ መንሣቱን ረስቶ ያፈጣል። ተነሥቼ ልሂድ ብዬ ዘንጌን የጨበጥኩበት ጊዜ አለ። ኋላ አዳም በቅሎውን እየጎተተ መጣ። ቄስ እዚያ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ለቅሶ መስሎት ደንግጦ፣ «አባ፣ ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም፤ ምሳ ልበላ ነው» አልኩት።

አሰለች እጇ ቆመ። አዳም ወደ እሷ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ በቅሎውን ስቦ ሄደ። እኔ ወደ ደጃፏ የመጣሁት ልሟገት ነበር ብዬሻለሁ። አዳም ከሄደ በኋላ ልሟገትበት ያሰብኩት ነገር ሁሉ ጠፋብኝ።

የደወሉ ድምፅ ከላይ ሲሰማ እሷ ሳትናገር ውኃ አምጥታ እጄን አስታጠበችኝ። ባርኬ ቆረስኩ። አልዋሽሽም፣ ፈራሁ። እኔ በአደባባይ ወንጌል የማነብ ሰው፣ ስንቱን ጸበል የረጨሁ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ በጣቴ ይዤ ደግሜ አማተብኩ። እሷ ደግሞ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ዓይኗን ከጉሮሮዬ ላይ አልነቀለችም፤ ልክ ስንፈራው እንደኖርነው። ውኃም ሰጠችኝ። በአገራችን ባለቤት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነው ለእንግዳ የሚሰጥ፤ አሰለች አልቀመሰችውም። አውቃ ነው ያልቀመሰችው። አየኋት፣ አየችኝ፣ ጠጣሁት። እህሉ ደህና ነበር። ጨው ግን በዝቶበታል።

በልቼ ስጨርስ ልቤ ሞላ። አየሽ፣ ታላቅ ነገር የሠራሁ መሰለኝ። መረቅኳትና፣ «እንግዲህ ሽማግሌዎችሽን መልሰሽ ላኪያቸው፤ አሁን ቤት አስገብቼ፣ አክብሬ እቀበላቸዋለሁ። ጽዋውንም እኔው ራሴ ተሸክሜ አመጣልሻለሁ» አልኳት።

አሰለች ሰሐኑን አነሣች፣ ፍርፋሪውን ለዶሮ በተነች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። የተናገረችውን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም።

«አባ፣ ሽማግሌዎቼን አንሥቻለሁ። ልጄ ልጅዎን ይወዳል፤ እሷም መልካም ልጅ ናት፣ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ልጄን የምሰጠው ወደ ማን ቤት እንደሆነ አላውቅም። ለሽማግሌዎቼ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር ብለዋቸዋል። እኔ ሰባት ቤት አልጠይቅዎትም፤ እርስዎ ይበቁኛል። ዛሬ የበሉት ለእኔ ይሁን ለልጅዎ ሠርግ አላውቅም። ጽዋውም ይቆይ። ማኅበሩ የሚመጣው አፍሮ ከሆነ ቤቴን አይርገጥ። እርስዎ ግን ይምጡ። ልይዎት።»

ምን ልበላት? የቄስ ቤት ልጅ ይጠየቅበታል እንጂ ተመርምሮ ያውቃል? ዳገቱን የወጣሁት እየተሳደብኩ ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ማታ ሆዴን ቆረጠኝ። ፈትለወርቅ ጸበል ይዛ ቆመች፤ እኔም በልቤ «አይ ደርበው፣ ተበላህ» አልኩ። በማለዳው ምንም የለብኝም። ለካ ባዶ ሆዴን አብዝቼ በልቼ ኖሯል።

ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ዳገቱን ወጥቷል። አዳም ማኅበሩ ለጊዜው በሌላ ካህን ይባረክ ብሎ ላከብኝ። ከንስሐ ልጆቼም ፊታቸውን ያዞሩብኝ አሉ፤ ቆጥሬ አላስከፋሽም። አንዷ ለፈትለወርቅ ውኃ በእናንተ ዋንጫ አልጠጣም ብላታለች። አየሽ እንዴት ፈጣን ነው? አንድ ምሳ በላሁ፣ ጣሳው ወደ እኔ ዞረ። ይህን ስትነግረኝ ፈትለወርቅ እያለቀሰች ነበር፤ ከዚያ ማጀት ገብታ ምን እንዳደረገች አላየሁም፣ ጣሳው ግን አሁን ከቦታው የለም።

አሰለችንም ተቀይሜያታለሁ፤ ለምን እደብቅሻለሁ። ማን ናት እኔን የምትመዝን እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ፣ እኔ ስመዝናት ስኖር ማን ነበርኩ እላለሁ። ነጮቹ ይቅርታ ብለው መኪና አስነሥተው ሄዱ ብለሽኝ ነበር። እኔም በልቼ፣ መርቄ፣ ዘንጌን አንሥቼ ልሄድ ነበር እኮ። እሷ ናት የያዘችኝ።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ነው የሄድኩት፤ ብልህ ሆኛለሁ። ቆሎ አቀረበችልኝ፣ ስለ ገብሱ አወራን፣ ስለ እናንተ አንዲት ቃል አላነሣችም። በሚቀጥለው ፈትለወርቅን ይዤያት ሄድኩ። ሁለቱ ሴቶች ገና ይተያያሉ፤ አንዷ አንዷን አታምንም። ፈትለወርቅ ስትመለስ የአሰለች ወጥ ጨው ይበዛል አለችኝ። ይህን እንኳ ተስማምተናል።

የጠየቅሽኝን መልስ እንግዲህ ይኸው። ልጅሽ ሲመጣ በእኔ ዋንጫ ይጠጣል፤ እኔ የጠጣሁበትን። በእኔ በኩል ፈቅጃለሁ፤ መርቄሻለሁም፤ ይህን ወረቀት ለነፍስ አባትሽ አሳዪው። ለዳግም ትንሣኤ ያልሽው ግን አሁን በእኔ እጅ አይደለም። የዘገየው በአሰለች ነው፤ እሷም ገና እያየችኝ ነው። ማዘጋጃ ቤት እንዳትሄጂብኝ፤ ትንሽ ታገሺኝ። አብሽሪ፣ አልሰለችም።

ለዘመን ከእኔ ሰላምታ አድርሺልኝ። ጎረምሳውን አላውቀውም፣ ፊቱንም በደንብ አላስታውሰውም፤ ቀና ብዬ አይቼው ስለማላውቅ ነው። እናቱ ግን እሱን ትሰማዋለች ይላሉ። ስለ እኔ ለእናቱ አንድ ጥሩ ቃል እንዲጽፍልኝ ለምኚልኝ።

የሚወድሽ አባትሽ
ቄስ ደርበው አረጋ